ማንፔይ ለድብድብ ሲታጭ

«ያንን ቦርጫም ዓሣ ሻጭ ላኩት ቢባል እኮ፣ እኔ በዚህ ሰፈር ፊቴን ይዤ የምወጣበት የለኝም» አለች የወንድሜ ሚስት ፉሳኮ። የምትናገረው ወጥ ቤት ሆና፣ በጨው የዘፈዘፈችውን ጎመን ይዛ ለመጣች ጎረቤታችን ነው። እኔ ከግድግዳው ወዲያ ሽንት ቤት ተቀምጬ ነበር። ጎረቤትየዋ ሳቀች። ከዚያ ፉሳኮ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ደግሞ ዓሣ ሻጩ ብቻ መቼ ሆነ፤ እሱም አብሮ ሊወጣ ነው፣ ከነፎቶው» አለች። እሱም ያለችው እኔን ነው። ሴትዮዋ ወጥታ እስክትሄድ ድረስ ውሃ ሳልለቅ ቆየሁ፤ ፉሳኮ ሰምቶኛል ብላ እንዳትሸማቀቅ። እንግዲህ እኔ የሰደበኝን ሰው ሐፍረት የምጠብቅ ሰው ነኝ። ይህን ያወቀልኝ ግን የለም።

ቤታችን ከመንገድ ሲያዩት አንድ በርና አንድ መስኮት ብቻ ነው፤ ወደ ውስጥ ግን እንደ አንጀት ይረዝማል። የኪዮቶ የሸማኔ ሰፈር ቤት ሁሉ እንደዚያ ነው። አባታችን የሐር መቀነት ይሸምንበት ነበር። ዛሬ የወንድሜ የዮሺታካ የቪዲዮ ጌም ድርጅት ነው፤ የፊተኛው ክፍል የሱ ቢሮ፣ ቀጥሎ ሠራተኞቹ ኮምፒውተር ላይ የሚያጎነብሱበት፣ ቀጥሎ ወጥ ቤቱና ሽንት ቤቱ፣ መጨረሻ፣ ጣሪያው በሚያፈስበት ጫፍ፣ የጌም ማሽን መለዋወጫ የምጠብቅበት የኔ ክፍል። በዚህ ቤት የሰው ክብር የሚለካው ከመንገዱ ባለው ርቀት ነው። ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ነው። እኔ መካከለኛውን ትምህርት ቤት እንደ ጨረስኩ ሥራ ገባሁ፤ ሁለት ልጅ የሚያስተምር ሐር አልነበረም። ይህን የምለው ለማማረር አይደለም። ወንድሜም አንድ ቀን አንስቶት አያውቅም፤ የሚያናድደኝ እንዲያውም ይኸው ነው። እኔና እሱ የምንነጋገረው ስለ አምፖልና ስለ ውሃ ቧንቧ ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቶኪዮ ያለ አንድ ትልቅ ኩባንያ ከየጌሙ አንድ አንድ ገጸ ባሕርይ ለቅሞ በአንድ ሜዳ የሚያደባድብ ጌም ሊሠራ ተነሣ። ሰይፍ ያዡም፣ ዘንዶውም፣ የሕዋው ወታደርም ይገቡበታል። ከኛም «የሐምሌው ከበሮ» አንድ እንድንልክ ተጠየቅን። የኛ ጌም ድብድብ የለበትም፤ ሙዚቃው ሲሄድ ተጫዋቹ ምቱን ጠብቆ ከበሮውን ይመታል፣ በምስሉ ላይ ያሉት ደግሞ በበዓሉ መንገድ ይጨፍራሉ። ከነዚያ አንዱ ማንፔይ ነው፤ በበዓል ቀን ለልጆች የጌጥ ዓሣ በወረቀት መረብ የሚያስጠልፍ፣ ግንባሩን በነጭ ጨርቅ ያሰረ፣ ቦርጩ ከምቱ ጋር የሚነጥር ሰው። ማንፔይ እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሲሆነኝ ከኋላው ክፍል ነጭ አንሶላ ሰቅለው አስጨፈሩኝና ቀረጹኝ፣ ሠዓሊዎቹ ከኔ ላይ ገለበጡት። ጌሙ ሲያልቅ የሰው ስም ይወርዳል፦ የወንድሜ፣ የመሐንዲሶቹ፣ ምሳ ያመጣልን የነበረው ኑድል ቤት ስም ሳይቀር። ከሁሉም በታች «እንዲሁም የረዱን ሌሎች» ይላል። እኔ ሌሎች ነኝ።

የቶኪዮዎቹ አሠራር ግን ሌላ ነው። ገጸ ባሕርዩ የተወሰደበት ሰው ከፈቀደ፣ ማንፔይ ወደ ሜዳ ሲገባ ስሙና ፎቶው አብሮ ይወጣል፤ ቶኪዮ ሄዶም ውዝዋዜውን እንደ ገና ያስቀርጻል። ይህን ከሰማሁ ጀምሮ ሌሎቹ ሳይገቡ በማለዳ እየመጣሁ በመለዋወጫው ክፍል፣ በድሮ የከበሮ ሣጥኖች መካከል፣ እርምጃውን እሞክረው ነበር። ጉልበቴን ለማፍታታት ነው። ሐኪምም እንቅስቃሴ አድርግ ብሎኛል።

ፉሳኮን የሰማኋት ዕለት ከቶኪዮው ኩባንያ የተላከው እንግዳ የሚመጣበት ቀን ነበር። እኛ ዘንድ ስብሰባ የሚባለው ነገር ከመጀመሩ በፊት ያለቀ መሆን አለበት። በስብሰባ ላይ የሚከራከር ሰው ያላደገ ነው ይባላል። ስለዚህ ጠዋት ካጂዋራ፣ የሽያጭ ኃላፊው፣ በቅጠል የተጠቀለለ ጣፋጭ ይዞ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞር ጀመር። አንዱ አራት መቶ የን የሚሸጥ ጣፋጭ ነው፤ ለኔ ሲደርስ ግን በሁለት መቶው ተቀይሮ ነበር።

«ሙቀቱ አይጣል ነው፣ አቶ ኩኒሂኮ» አለኝ በሩ ላይ ቆሞ።

«እዚህማ ይብሳል። ከመንገድ የሚገባው ነፋስ እናንተ ዘንድ ያልቃል።»

ሳቅ አለ። ከዚያ እንደ ዋዛ፣ «ያ ማንፔይ ግን በምን ይደባደባል? በወረቀት መረብ? ውሃ ሲነካው የሚቀደድ ነገር እኮ ነው።»

«ሩሪካስ በምን ትደባደባለች? በቃጭሏ?»

«እሷ እንኳ አሻንጉሊቷ ይሸጣል» አለ ካጂዋራ። ወደ ኮሪደሩ ዞር ብሎ አየና ድምፁን ቀነሰ። «ሥራ አስኪያጁንም ጠይቄያቸው ነበር። ‹ማንፔይ ጥሩ ነው፣ ግን አርጅቷል› ነው ያሉት። እንግዲህ እርስዎ ወንድማቸው ነዎት፤ ከኔ ይልቅ ትርጉሙን ያውቁታል።»

አወቅሁት። ሩሪካ ማለት በሁለተኛው ጌም ላይ የገባች ባለ ቃጭል ልጅ ናት፤ ፊቷም ድምፅዋም የተወሰደው ከወንድሜ ልጅ ከቺዙ ነው፣ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። የሥራ አስኪያጅ ሴት ልጅ እያለች የሥራ አስኪያጅን ወንድም ማን ይመርጣል? ጣፋጩን ሳልፈታ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት።

እንግዳው እኩለ ቀን ላይ መጣ፤ ሃታኬያማ የሚባል፣ አርባ ያልሞላው፣ በዚያ ሙቀት ኮቱን ያላወለቀ ሰው። ፉሳኮ በሩ ላይ ተንበርክካ፣ «ይግቡ፣ ይግቡ እንጂ» አለችው። ማንኛውም የኪዮቶ ልጅ እዚህ ላይ «ኧረ አልገባም፣ ከበሩ ላይ ነገሬን አድርሼ እመለሳለሁ» ይላል። እንደ ገና ይለመናል፣ እንደ ገና እምቢ ይላል። በሦስተኛው ነው ጫማ የሚወልቀው፤ ምክንያቱም አንዴ የተጠየቀ ለወጉ ነው፣ ሁለቴ የተጠየቀ ለትሕትና ነው፣ ሦስቴ የተጠየቀ ብቻ በእውነት ተፈልጓል። ሃታኬያማ ግን ፉሳኮ አፏን ሳትዘጋ ጫማውን አውልቆ ምንጣፉ ላይ ቆመ። ፉሳኮ ፈገግታዋን አላጠፋችም። ይህቺ ሴት ቤቷ ቢቃጠል ፈገግታዋን አታጠፋም።

ምሳ ከጎረቤት ምግብ ቤት የመጣ የእባብ ዓሣ ነበር፣ በጥቁር ሣጥን፣ አንዱ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ የን። በመካከል በተቀመጠው ሳሕን ላይ አንድ ቁራጭ ጥብስ ተረፈ። ማንም አልነካውም፤ የመጨረሻ ቁራጭ አይነካም። ሃታኬያማ፣ «ይሄ የማንም ካልሆነ» ብሎ አነሣና በላው። ካጂዋራ ወደ ጣሪያው አየ። እኔ በዚያች ሰዓት ሰውየውን ወደድኩት፤ ረሃቡን የማይደብቅ ሰው ብዙ አላየሁም። ቆይቶ ነው የጎዳኝ።

ስብሰባው በወንድሜ ቢሮ ሆነ። እኔም «የሁሉም ሐሳብ እንዲሰማ» ተብዬ ከኋላ ተጠርቼ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ማራገቢያው እየዞረ የአንዱን ላብ ወደ ሌላው ይወስዳል። ወንድሜ በጠረጴዛው ራስ፣ ቺዙ ከጎኑ። ቺዙ አሁን ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ከባልዋ ተለያይታ ከተመለሰች ወዲህ የቤቱን ሒሳብ ትይዛለች፣ ሲያናግሯት ዓይን ለዓይን የምታይ ልጅ ናት፣ በማን እንደ ወጣች አይታወቅም። ሃታኬያማ ስስ ኮምፒውተሩን ከፈተና መጀመሪያ እሷን ጠየቀ።

«ወይዘሪት ቺዙ፣ ሩሪካ የእርስዎ ፊትና ድምፅ ናት ተብለናል። እሷን ብንወስድ ይፈቅዳሉ?»

«አልፈቅድም» አለች።

ክፍሉ ፈገግ አለ። ጥሩ አስተዳደግ ነው፤ የመጀመሪያው እምቢታ። ካጂዋራ ተራውን ያውቃል፤ «ኧረ እመቤት ቺዙ፣ ሩሪካን ያልወደደ ማን አለ፣ ለቤቱ ሲሉ» አለ። ቺዙ ራሷን ነቀነቀች፣ «አልኩ እኮ፣ አልፈልግም።» አሁን ሦስተኛው ቀረ። ሻይ ይዛ የገባችው ፉሳኮ ትሪዋን እንደ ያዘች፣ «አንቺ ልጅ፣ እስቲ አንዴ አስቢበት» አለቻት በለሰለሰ ድምፅ። ሁላችንም «እንግዲያውስ እሺ» የምትለውን ለመስማት ተዘጋጀን።

«እማዬ» አለች ቺዙ፣ «በዘጠኝ ዓመቴ አጭር ቀሚስ አልብሳችሁ ስትቀርጹኝ ያደረጋችሁብኝን በሠላሳ አራት ዓመቴ አትድገሙብኝ።»

ወንድሜ ባዶ ስኒውን አንሥቶ ያልነበረ ሻይ ጠጣ። በዚህ ቤት በአባታችን ዘመንም ሆነ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ጮክ ተብሎ አልተነገረም። ሃታኬያማ ግን ፊቱ በራ። «በጣም ግልጽ ነው፣ አመሰግናለሁ» አለ። «ቶኪዮ ሳለሁ የኪዮቶ ሰው የልቡን አይናገርም ብለው አስፈራርተውኝ ነበር። ለካ ሐሰት ነው። እዚህ ቤት አይሆንም ማለት አይሆንም ማለት ነው።»

የማትፈልገዋ ሦስቴ ተለመነች። ልመናውን ሁሉ እሷ ላይ ጨረሱት። ከዚያ ሰውየው ወደ በሩ፣ ወደኔ ዞረ።

«አቶ ኩኒሂኮ፣ እውነቱን ልንገርዎት። እኛ ቢሮ መጀመሪያም የተመረጠው ማንፔይ ነበር። ሌሎቹን የጠየቅሁት ለደንቡ ነው። እኔ ልጅ ሆኜ መቶ የን ይዤ ጌም ቤት እየሄድኩ የምጫወተው ማንፔይን ብቻ ነበር፤ እርምጃውን እስካሁን አልረሳሁትም። እርስዎ ከፈቀዱ ዛሬውኑ አለቀ። ምን ይላሉ?»

ጆሮዬ ጋለ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከኋላ ክፍል ተቀምጬ የጠበቅሁት ነገር በአንድ የቶኪዮ ኮት ለባሽ አፍ፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት፣ ፉሳኮ ቆማ እየሰማች ተነገረ። እሺ ይበልጣል ከሺህ ይባላል። ነገር ግን ቺዙ ሦስቴ እምቢ ባለችበት ክፍል እኔ በመጀመሪያው እሺ ብዬ ብስገበገብ ምን ይሉኛል? ሽማግሌው ጓጉቶ ሞቶ ነበር ይሉኛል። ዓይኔን ወደ ጉልበቴ ጣልኩ።

«ኧረ ተዉት እባክዎ» አልኩ። «ያ ያረጀ ዓሣ ሻጭ ለእናንተ ምን ይረባል። ከእነዚያ ኃይለኞች መካከል ገብቶ ያሳፍራችኋል። እኔም ብሆን ሽማግሌ ነኝ።»

በኛ አገር ይህ እሺታ ነው። ከዚህ የበለጠ ጥርት ያለ እሺታ አላውቅም። ሕፃን ልጅ እንኳ ትርጉሙ «ድገመው» ማለት እንደ ሆነ ይነግርሃል። አቀርቅሬ ጠበቅሁ። ማራገቢያው ወደኔ ዞረ፣ ተመለሰ። የሁለተኛው ተራ የካጂዋራ ነበር፤ ካጂዋራ ወንድሜን ያያል። ወንድሜ ስኒውን ያያል። ፉሳኮ ትሪዋን ደረቷ ላይ ታቅፋለች። ቺዙ አፏን ልትከፍት ስትል እናቷ አየቻት፣ ዘጋችው።

«ገባኝ» አለ ሃታኬያማ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «አላስጨንቅዎትም። ሰው አይሆንም ካለ ማክበር ነው።» ጣቱ ኮምፒውተሩ ላይ አንዴ ጠቅ አለች። ማንፔይ በዚያች ጠቅታ ሄደ።

ካጂዋራ ለማሳቅ ይመስለኛል፣ «እንግዲህ የቀረን ፋኖሱ ነው» አለ። በጌማችን ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት አንድ የወረቀት ፋኖስ ብቅ ይልና አፉን እየከፈተና እየዘጋ ምቱን ይቆጥራል። እጅ የለው፣ እግር የለው። እንግዳው ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን አቆመና፣ «የማን ነው?» አለ። ማን እንደ ሣለው የሚያስታውስ ጠፋ። «ድምፁስ?» የማሽን ድምፅ ነው ተባለ። «ስለዚህ ፈቃድ የምንጠይቀው ሰው የለም?» እዚህ ላይ ሁሉም በአንድነት ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በዚህ ቤት እንዲህ ያለ ስምምነት አይቼ አላውቅም። ዘመድ የሌለው፣ ይሉኝታ የማይያዝለት፣ ቢመረጥ ማንም የማይኮራበት፣ ቢሸነፍ ማንም የማያፍርበት ነገር ተገኘ። ሰይፍ ከያዘና እሳት ከሚተፋ ጋር የወረቀት ፋኖስ ሊደባደብልን ነው። ካጂዋራ «ድንቅ ሐሳብ ነው» አለ፤ ሐሳቡ የራሱ መሆኑን እንኳ ረስቶት።

ወንድሜ ከተቀመጠበት ሳይነሣ፣ «ኩኒ፣ እንግዳውን እስከ ጣቢያ ሸኝልን» አለኝ። ታክሲ ውስጥ ሃታኬያማ ስለ ልጅነቱ ጌም ቤት አወራኝ፣ ማንፔይ ሲያሸንፍ ቦርጩን በሁለት እጁ እንዴት እንደሚመታው። እኔ በመስኮት አያለሁ። ያን ቦርጭ መምታት ከእኔ ነው ያመጡት፤ ኑድል ስበላ የማደርገው ነበር። ጣቢያው ደረስን። በመግቢያው በር ላይ ቆመና ሻንጣውን መሬት አስቀመጠ።

«አቶ ኩኒሂኮ፣ እንደ ገና ልጠይቅዎት፣ አይቆጡኝ። እውነት ማንፔይ ባይገባ ይሻልዎታል? ፋይሉን የምልከው ዛሬ ማታ ነው። እስከዚያ ሐሳብዎን ከለወጡ መቀየር እችላለሁ።»

ሁለተኛው መጣ። ከማይጠበቅ ሰው፣ በማይጠበቅ ቦታ፣ መንገደኛው ሁሉ ሻንጣውን እየጎተተ በመካከላችን ሲያልፍ። አሁን አንድ ብቻ ቀረ። «ኧረ በጭራሽ» አልኩት። «ለኔ ብለው እንዳይቸገሩ። ፋኖሱ ጥሩ ነው።»

አጎነበሰ፣ አጎነበስኩ። ገባ። ከዓይን እስኪጠፋ መቆም ወግ ነው፣ ቆምኩ። ተንቀሳቃሹ ደረጃ ሥር ሲደርስ ዞረ። ሊመለስ መስሎኝ አንድ እርምጃ ወደ በሩ ተጠጋሁ። ሰውየው ግን ድጋሚ ሊሰናበተኝ ነበር፤ አጎንብሶ ወደ ላይ ወጣ። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ፣ ዓለም የሚያውቀው ኩባንያ የሚሠራ ሰው እስከ ሦስት መቁጠር አላስተማሩትም። ለታክሲ መመለሻ የሰጠኝ ስላልነበረ በአውቶቡስ ተመለስኩ።

ቤት ስደርስ ሠራተኞቹ ወጥተዋል። ከመንገዱ ማዶ ካለ ሰገነት ለበዓሉ ደወል የሚለማመዱ ሰዎች ድምፅ ይመጣል። ወንድሜ ቢሮው ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ነበር።

«ሸኘኸው?»

«ሸኘሁት።»

እንደ ልማዳችን እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት። ወደ ኋላ ክፍሌ ማለፍ ስችል ግን እግሬ ቆመ። «ጋሼ» አልኩት፣ «ለምን ዝም አልክ?»

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፤ ጠርጎ ጠርጎ አላለቀለትም። «ሦስተኛውን እኔ ልጠይቅህ ነበር የተቀመጥኩት» አለ። «ለገዛ ወንድሜ ቀድሜ አፌን ብከፍት ምን ይባላል? ሁለተኛውን ካጂዋራ እንዲጠይቅ ጠዋት ነግሬዋለሁ።»

«ነገርከው?»

«በቀጥታ እንኳ አይደለም። እንዲገባው አድርጌ። ማንፔይ ጥሩ ነው፣ ግን አርጅቷል አልኩት። ‹የለም፣ አላረጀም› ብሎ እንዲከራከርልህ ነበር።»

«እሱማ የገባው አትላኩት ማለትህ ነው።»

«እንዴት እንዲህ ይገባዋል?» አለ ወንድሜ፣ ከልቡ ተገርሞ። ዩኒቨርሲቲ የተማረው ይህን ነው። «ሦስተኛውን ይዤ ተቀምጬ፣ ሁለተኛውን የሚጠይቅ ሰው ጠፋ።»

በጣቢያው በር ላይ ሁለተኛው እንደ ተጠየቀ አልነገርኩትም። ብነግረው ምን ብለህ መለስክ ይለኛል። መነጽሩን አጠለቀና የሃታኬያማን የስም ካርድ ከጠረጴዛው አነሣ። ወደ መብራቱ አስጠጋው።

«ስልኩ ይኸው ነው» አለኝ። «ልደውልለት?»

እኔ ስቆጥር ሦስተኛው ነው። ሦስተኛው ላይ እሺ የሚል ሰው አያፍርም። እሱ ሲቆጥር ግን ገና ሁለተኛው ነው፤ በሁለተኛው ዘልዬ ብይዘው፣ ይህ ወንድሜ ለካ እስከዚህ ቋምጦ ነበር ይላል፣ ዛሬ ማታ ደግሞ ለፉሳኮ ይነግራታል። እግሩ ሥር ልውደቅ? የገዛ ውዝዋዜዬን ከሱ እጅ ልለምን?

«ኧረ ተው፣ በመንገድ ላይ ያለ ሰው አታስቸግር» አልኩት፣ እና ጠበቅሁ።

አፉን ከፈተ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ሊጠይቀኝ ነበር። ከውስጥ ፉሳኮ፣ «ራት ይቀዘቅዛል» ብላ ተጣራች። ወንድሜ ካርዱን መሳቢያው ውስጥ አስገባና ወገቡን ይዞ ተነሣ።

«እንግዲያው ነገ ረጋ ብለን እንነጋገርበታለን» አለኝ።

«እሺ» አልኩት።